ስካዳው አልነሳ ሲል መጀመሪያ የምከፍተው፦ የፕሮሰስ ሞኒተር ግምገማ

ኮምፒውተሩ በርቶ፣ ዊንዶውስም በሰላም ተነስቶ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የስካዳ ፕሮግራም (የፋብሪካውን ማሽኖች ከኮምፒውተር የምንከታተልበትና የምንቆጣጠርበት ሶፍትዌር) ብቻ አልነሳ ሲል ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «አጥፉትና እንደ አዲስ ጫኑት።» ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። እንደ አዲስ መጫን አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ያስነሳዋል፤ ነገር ግን ለምን እንዳልተነሳ የሚያስረዳውን ማስረጃ ሁሉ ጠርጎ ይወስደዋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተሸፈነ ብልሽት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ላይ የሶፍትዌሩ ፈቃድ (ላይሰንስ) ከማሽኑ ጋር የተቆራኘ፣ በእጅ ያለው የፕሮጀክት ቅጂም የቆየ ከሆነ፣ ዳግም ተከላው ራሱ ከመጀመሪያው የከፋ ብልሽት ይወልዳል።

የምገመግመው መሣሪያ ከዚህ ልማድ የሚያወጣ ነው። ፕሮሰስ ሞኒተር ሲስኢንተርናልስ ከሚባለው የመሣሪያዎች ስብስብ አንዱ ሲሆን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል ስብስቡን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር፤ በ2006 ማይክሮሶፍት ገዛው። ከዚያ በፊት ፋይሎችን የሚከታተለው ፋይልሞንና የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ቅንብር ማከማቻ የሆነውን ሬጂስትሪን የሚከታተለው ሬግሞን ለየብቻ የቆሙ ፕሮግራሞች ነበሩ። ፕሮሰስ ሞኒተር ሁለቱን አዋህዶ የሂደቶችን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን፣ መነሳትና መሞት ጨመረበት። ለፋብሪካ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ቢሆንም የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሲነሳ የሚገጥመውን ችግር ለመመርመር ከእርሱ የበለጠ የጠቀመኝ አላገኘሁም።

ሥራውን መግለጽ ቀላል ነው። አንድ ፕሮግራም ከዊንዶውስ የጠየቀውን፣ የተሰጠውንም መልስ፣ በሰዓቱና በተራው ይመዘግባል። የትኛውን ፋይል ሊከፍት እንደሞከረ፣ የትኛውን የሬጂስትሪ ቁልፍ እንዳነበበ፣ የትኛውን ሌላ ፕሮግራም እንደቀሰቀሰ፣ «ተሳክቷል» ወይስ «የለም» ወይስ «አልተፈቀደም» እንደተባለ በየመስመሩ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ስለ ራሱ የሚለውን ትተን በተግባር ያደረገውን እናያለን።

ይህ በኢንዱስትሪ ሶፍትዌር ላይ የተለየ ዋጋ አለው። ተራ የጽሕፈት ፕሮግራም በአብዛኛው አንድ ሂደት ነው፤ ስካዳ ግን ስብስብ ነው። አስነሺው አንድ፣ ማሽኑን በቀጥታ ከሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ከፒኤልሲ፣ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር ሌላ፣ ፈቃድ የሚፈትሸው ሌላ፣ ማንቂያዎችን የሚመዘግበው ሌላ፣ የቆየ መረጃ የሚያከማቸው የዳታቤዝ ሰርቪስ (ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ደግሞ ሌላ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲሞት የስህተቱን መስኮት የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ የሞተው ሳይሆን የሞተውን ሲጠብቅ የቆየው ክፍል ነው። «ፕሮጀክቱን ማስነሳት አልተቻለም» የሚለው መልእክት ውሸት አይደለም፤ ግን ለጥገና ሠራተኛው ምንም አይነግረውም። ከሁሉ የሚያናድደኝ የኢንዱስትሪ ሶፍትዌር ጉድለትም ይኸው ነው፦ ውድ በሆነ ምርት ውስጥ የተቀመጠ ርካሽ የስህተት መልእክት።

መሣሪያው መጀመሪያ ሲከፈት ያስደነግጣል። ማንም ባልነካው ኮምፒውተር ላይ እንኳ መስመሮቹ እንደ ጎርፍ ይወርዳሉ፤ ብዙ ሰው በዚህ ደንግጦ ይዘጋዋል። ሌሎች ደግሞ ቀይ መስመር የፈለጉ ይመስል «ኔም ኖት ፋውንድ» የሚለውን መልስ ሁሉ እንደ ብልሽት ይቆጥሩታል። ይህ መልስ በጤነኛ ፕሮግራም ውስጥም በሺዎች ይገኛል፤ ፕሮግራሙ አንድ አማራጭ ቅንብር እንዳለ ጠይቆ «የለም» መባሉ ብቻ ነው። «ባፈር ኦቨርፍሎው» የሚለውም ስሙ ያስፈራል እንጂ በዚህ መዝገብ ውስጥ ጥቃት ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ ለመልሱ ያዘጋጀው ቦታ ጠበበው፤ ሰፋ አድርጎ ደግሞ ይጠይቃል። እነዚህን ሁለቱን የለየ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አሠራሬ ይህ ነው። መሣሪያውን በአስተዳዳሪ መብት እከፍታለሁ፤ በኮንትሮልና ኢ ምዝገባውን አቆማለሁ፤ በኮንትሮልና ኤክስ የተሰበሰበውን አጠፋለሁ። ከዚያ ምዝገባውን መልሼ አስጀምሬ ስካዳውን አስነሳለሁ። የስህተቱ መስኮት ብቅ ሲል «እሺ» የሚለውን ሳልጫን ምዝገባውን አቆማለሁ። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን «እሺ» ሲባል ፕሮግራሙ ፋይሎቹን ይዘጋል፣ ጊዜያዊ ነገሮችን ይሰርዛል፣ መዝገብ ይጽፋል፤ የሚፈለገውም መስመር በዚያ ግርግር ውስጥ ይቀበራል።

ቀጥሎ ኮንትሮልና ቲ የሂደቶችን ዛፍ ይከፍታል። ለኢንዱስትሪ ሶፍትዌር ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ የላቀው ይህ ይመስለኛል። ማን ማንን እንደወለደ፣ መቼ እንደተነሳ፣ መቼ እንደሞተ በጊዜ መስመር ያሳያል። ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ዕድሜ የነበረው ሂደት እንኳ እዚያው ይገኛል፤ ታስክ ማናጀር ግን እንዲህ ያለውን ሂደት ለማየት ዕድል አይሰጥም። ከሁሉ በፊት የሞተውን እፈልጋለሁ፤ እርሱንና ከእርሱ የተወለዱትን ብቻ በማጣሪያው አስቀራለሁ። ከዚያ «ፕሮሰስ ኤግዚት» የሚለውን መስመር አግኝቼ ወደ ላይ አነባለሁ። ከታች ወደ ላይ ማንበብ ወሳኝ ነው፤ ከላይ የጀመረ ሰው ይሰምጣል።

በዚያ የመውጫ መስመር ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል። −1073741515 ከሆነ ፕሮግራሙ የግድ የሚያስፈልገውን ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) አላገኘም ማለት ነው። −1073741701 ከሆነ ፋይሉ ተገኝቷል፤ ግን ዓይነቱ ትክክል አይደለም፦ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ባለ 64 ቢት ዲኤልኤል አጋጥሞታል፣ ወይም ተገላቢጦሹ ሆኗል፣ አለዚያም ፋይሉ ተበላሽቷል። −1073741819 ከሆነ ፕሮግራሙ ሊነካው የማይገባውን የማስታወሻ (ሜሞሪ) ክፍል ነክቶ ወድቋል። በዚህ በመጨረሻው ላይ ፕሮሰስ ሞኒተር ከመውደቁ በፊት የተነካውን ፋይል ከማሳየት የዘለለ እርዳታ አይሰጥም፤ የቀረው የአምራቹ ሥራ ነው።

የዲኤልኤሉን ጉዳይ በምሳሌ ላስረዳ። ከፒኤልሲዎች ጋር የሚነጋገር ሰርቪስ አልነሳ አለ። ሰርቪስ ስለሆነ የስህተት መስኮት አያሳይም፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሰርቪሶች ተጠቃሚው በማያየው በተለየ ክፍለ ጊዜ (ሴሽን) ውስጥ ስለሚሠሩ ዝም ብሎ ይሞታል። የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ በሚያሳየው በኢቨንት ቪውወር ላይ የነበረው «ሰርቪሱ አልተነሳም» የሚለው የ7000 ቁጥር መዝገብ ብቻ ነበር። በፕሮሰስ ሞኒተር ግን ነገሩ በግልጽ ወጣ። ሂደቱ ኤምኤስቪሲአር100 የሚባለውን ዲኤልኤል መጀመሪያ በራሱ ፎልደር ፈለገ፤ የለም ተባለ። በሲስዋው64 ፈለገ፤ የለም። በዊንዶውስ ፎልደር፤ የለም። ከዚያ በፓዝ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች አንድ በአንድ አንኳኳ፤ ሁሉም የለም አሉት። ከዚያም ሞተ። አንድ ዓይነት የፋይል ስም በተለያዩ ፎልደሮች ተደርድሮ «የለም» ሲባል፣ ወዲያውም መውጫ ሲከተል፣ ያ የጠፋ ዲኤልኤል ፊርማ ነው፤ አንዴ ያየው ሰው ሁለተኛ አይስተውም።

የጠፋው የቪዡዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 2010 ማስፈጸሚያ ጥቅል ነበር። ኮምፒውተሩን «ያጸዳ» ሰው የማያውቀውን ስም ሲያይ አጥፍቶታል። ጥርጣሬውን ያራቀውም ባለ 64 ቢቱ ጥቅል በዝርዝሩ ላይ መታየቱ ነበር፤ «አለ እኮ» ተባለ። ግን ድራይቨሩ ባለ 32 ቢት ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሲስተም32ን ሲጠይቅ ዊንዶውስ በዝምታ ወደ ሲስዋው64 ይመራዋል፤ ስማቸው ግራ ቢያጋባም የ32 ቢት ፋይሎች ማደሪያ ሲስዋው64 ነው። ይህን በቃል ከመከራከር መዝገቡን ማሳየት ይቀላል፤ መስመሩ የት እንደፈለገ በግልጽ ጽፎታል። ጥቅሉ ከማይክሮሶፍት ተገኝቶ ተጫነ፤ ሰርቪሱም ተነሳ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፦ የጠፋን ዲኤልኤል ስሙን ፈልጎ ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ ማሽን በሚቆጣጠር ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ያ ፋይል ከምን እንደተሠራ ማንም አያውቅም፤ ያ ኮምፒውተር ደግሞ ሞተር ያስነሳል፣ ቫልቭ ይከፍታል።

ሁለተኛው ዘወትር የሚያጋጥም ጉዳይ የተጠቃሚ መብት ክልከላ ነው። ፕሮግራሙ መሐንዲሱ ሲገባ ይነሳል፤ ኦፕሬተሩ ሲገባ አይነሳም። የተለመደው መፍትሔ ኦፕሬተሩን አስተዳዳሪ ማድረግ ነው፤ ይህ መፍትሔ አይደለም፣ በር ነቅሎ መጣል ነው። ፕሮሰስ ሞኒተር በኦፕሬተሩ መለያ የተነሳውን ሂደት ሲመዘግብ «አክሰስ ዲናይድ» የተባሉት መስመሮች ጥቂት ሆነው ይወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሊጽፍበት የሞከረ አንድ ፎልደር ወይም አንድ የሬጂስትሪ ቁልፍ ነው። ለዚያ ፎልደር ብቻ፣ ለኦፕሬተሮች ቡድን ብቻ፣ የመጻፍ መብት መስጠት ይበቃል። በመስመሩ ዝርዝር ላይ ፕሮግራሙ ምን ዓይነት መብት እንደጠየቀ ስለሚጻፍ ከሚያስፈልገው በላይ መስጠትም አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ማስተዋል ይገባል፦ መሣሪያው ራሱ የአስተዳዳሪ መብት ይፈልጋል፤ ስካዳው ግን በኦፕሬተሩ መለያ መነሳት አለበት። ሁለቱም በአስተዳዳሪ ከተነሱ የሚፈለገው ክልከላ አይታይም።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ፣ ግን የበለጠ የሚያደናግር ሌላ ነገር አለ። አሮጌ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ቅንብሩን በፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ሊጽፍ ሲሞክር ዊንዶውስ በመከልከል ፈንታ ቨርቹዋልስቶር ወደሚባል፣ ለየተጠቃሚው የተለየ ወደሆነ ፎልደር ሊመራው ይችላል። ውጤቱ፦ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት ኦፕሬተሮች፣ ሁለት የተለያዩ ቅንብሮች። አንደኛው ሲገባ ፕሮጀክቱ ይከፈታል፤ ሌላው ሲገባ ድሮ የነበረውን የፕሮጀክት መንገድ ይፈልጋል። ይህን ሳያውቅ የቅንብር ፋይሉን ደጋግሞ የሚያርም ሰው ምን ያህል እንደሚደክም አስቡት፤ የሚያርመው ፋይል ፕሮግራሙ የሚያነበው አይደለም። በመዝገቡ ላይ ግን የተከፈተው ፋይል ሙሉ መንገድ ይታያል፤ ቨርቹዋልስቶር የሚለው ስም ሲነበብ ምስጢሩ ይፈታል።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የምወደው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከተጠቃሚው በፊት የሚሆነውን መመዝገብ መቻሉ ነው። አንዳንድ ሰርቪስ በእጅ ሲነሳ ምንም ችግር የለበትም፤ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሳ ግን ይወድቃል። በኢቨንት ቪውወር ላይ 7009 የሚል መዝገብ፣ 30000 ሚሊ ሰከንድ የሚል የጊዜ ገደብም ይገኛል። ሰርቪሱ በ30 ሰከንድ ውስጥ «ተነስቻለሁ» ስላላለ ዊንዶውስ ተስፋ ቆርጧል፤ 1053 የሚባለው ስህተትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ብዙ ጽሑፎች የሬጂስትሪውን የጊዜ ገደብ አሳድጉ ይላሉ። ይህ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ግን ሰርቪሱ በእነዚያ 30 ሰከንዶች ምን ሲጠብቅ እንደነበር አይናገርም።

በኦፕሽንስ ዝርዝር ውስጥ ያለው የቡት ምዝገባ ይህን ይመልሳል። እርሱን አብርቶ ኮምፒውተሩን ዳግም ማስነሳት ነው፤ ምዝገባው ዊንዶውስ ገና ሲነሳ ይጀምራል፣ ለአንድ መነሳት ብቻም ይሠራል። ተጠቃሚው ገብቶ መሣሪያውን እንደገና ሲከፍት የተሰበሰበውን ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቃል። ካልተከፈተ ምዝገባው እስኪዘጋ ድረስ ይቀጥላልና ሳይረሱ ቶሎ መክፈት ያሻል። ደግሞም ማስነሳቱ «ሪስታርት» መሆን አለበት። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው ፈጣን ማስነሻ ከበራ፣ ዘግቶ ማብራት ሙሉ መነሳት አይደለም፤ የከርነሉ (የዊንዶውስ እምብርት) ክፍል በዲስክ ላይ ተቀምጦ ከነሁኔታው ይመለሳል። «አጥፍተን አበራነው፣ አልተስተካከለም፤ ሪስታርት ስናደርገው ግን ተስተካከለ» የሚለው አቤቱታ ምንጩ ይህ ነው።

እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ካየኋቸው ሁሉ ግልጽ የሆነው የዳታቤዝ ጉዳይ ነው። የስካዳው ሰርቪስ ኤስኪውኤል ሰርቨር እስኪነሳ እንዲጠብቅ በጥገኝነት ታስሮ ነበር፤ ሥርዓቱ ትክክል ይመስላል። መዝገቡ ግን የዳታቤዙ ሰርቪስ «ተነስቻለሁ» ካለ በኋላም የትልቁን የታሪክ መረጃ ፋይል ሲያነብ እንደቆየ አሳየ። የዳታቤዝ ሰርቪሱ መነሳትና እያንዳንዱ ዳታቤዝ ለአገልግሎት መዘጋጀቱ አንድ አይደሉም፤ ድንገት ከጠፋ በኋላ የማገገሚያው ጊዜ ይረዝማል። ጥገኝነቱ ስለተሟላ የስካዳው ሰርቪስ ይነሳል፣ ዳታቤዙን ያንኳኳል፣ አልተዘጋጀም ይባላል፣ ይወድቃል። እዚህ ላይ የዘገየ አውቶማቲክ አነሳስ መምረጥ ችግሩን ፈታው፤ በነባሪ ቅንብሩ ከሌሎቹ ሰርቪሶች ወደ 2 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይነሳል። የተሻለው ግን አምራቹ ሰርቪሱ ደጋግሞ እንዲሞክር አድርጎ ቢሠራው ነበር። ኃይል በሚቋረጥበት ዓለም ውስጥ የሚኖር ሶፍትዌር በአንድ ሙከራ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

አሁን ወደ ድክመቶቹ ልሂድ፤ ቀላል አይደሉም።

መሣሪያው የማያየው ነገር አለ። በተከታታይ ወደብ ላይ የሚሄደውን መረጃ አያሳይም። ከዩኤስቢ የፈቃድ ቁልፍ ጋር የሚደረገውን ንግግር አያሳይም፤ ቁልፉ ሲጠፋ የምናየው የፈቃድ ሰርቪሱን የመዝገብ ፋይል መጻፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። የኔትወርክ ዓምዱ የቲሲፒና የዩዲፒ ግንኙነት ከየት ወደ የት እንደሄደ ይነግራል፤ ምን እንደተባለ ግን አይነግርም። ከዚያ በታች ባለው ንብርብር በቀጥታ ኢተርኔት ላይ የሚሠሩ የኢንዱስትሪ ፕሮቶኮሎችን ጨርሶ አያያቸውም። ለዚህ በኔትወርኩ ላይ የሚያልፈውን መረጃ የሚያሳየው ዋየርሻርክ አለ።

ትልቁ ክፍተት ግን ዲኮም፣ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት የዊንዶውስ ዘዴ፣ ነው። የኢንዱስትሪ ሶፍትዌሮች መረጃ የሚለዋወጡበት የቆየው ኦፒሲ በዲኮም ላይ የቆመ ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ በዲኮም ላይ የተገኘውን የደኅንነት ክፍተት ለመዝጋት ማጥበቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ነበር። በሰኔ 2022 ጥበቃው በነባሪ በራ፤ በመጋቢት 14 ቀን 2023 የወጣው ዝማኔ ደግሞ ማጥፊያውን ጭራሽ አስቀረ። በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የነበረ የኦፒሲ ግንኙነት ከዝማኔ በኋላ ድንገት ሲቆም ስካዳው «ሰርቨሩን ማግኘት አልቻልኩም» ወይም 80070005 ይላል። ፕሮሰስ ሞኒተር ይዞ እዚህ ላይ መልፋት ጊዜ ማባከን ነው፤ ክልከላው በፋይልም በሬጂስትሪም ላይ አይደለም። ማስረጃው በሰርቨሩ በኩል በሲስተም መዝገብ ውስጥ 10036 በሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ የትኛው ተጠቃሚ ከየትኛው አድራሻ በዝቅተኛ የማረጋገጫ ደረጃ እንደመጣም ይናገራል። 80040154 ከሆነ ግን ሌላ ነው፦ ክፍሉ አልተመዘገበም ማለት ነውና ፕሮሰስ ሞኒተር የጎደለውን የሬጂስትሪ ቁልፍ ወዲያው ያወጣዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይከበር። መጀመሪያ ኢቨንት ቪውወር፣ ከዚያ የስካዳው የራሱ መዝገብ፣ ቀጥሎ ፕሮሰስ ሞኒተር። የጎን ለጎን ውቅር ስህተት የሚባለው 14001 ለምሳሌ በኢቨንት ቪውወር ላይ የጎደለውን ጥቅል ስምና ስሪት ሳይቀር ጽፎ ያስቀምጣል፤ እዚያ የተጻፈውን በመቶ ሺህ መስመሮች ውስጥ መፈለግ ምን ይጠቅማል?

በሥራ ላይ ባለ ማሽን ላይ ሲከፈት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሰበሰበውን በነባሪ በማስታወሻ ውስጥ ነው የሚይዘው፤ አነስተኛ ማስታወሻ ባለው የኦፕሬተር ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ መርሳት ስካዳውን ራሱን ያንቀዋል። ፋይል ሜኑ ውስጥ «ባኪንግ ፋይልስ» በሚለው መዝገቡን ሰፊ ቦታ ወዳለው ዲስክ መምራት፣ በማጣሪያው ዝርዝር ደግሞ «ድሮፕ ፊልተርድ ኢቨንትስ» የሚለውን መምረጥ ይቻላል። የኋለኛው ግን የተጣሉትን መስመሮች አይመልስም፤ የትኛው ሂደት ጥፋተኛ እንደሆነ ሳይታወቅ መምረጥ ተገቢ አይመስለኝም። በተጨማሪ መሣሪያው አይጫንም ቢባልም ሲከፈት የራሱን ድራይቨር ወደ ከርነሉ ያስገባል፤ ስለዚህ ማሽኑ ሥራ ላይ ሳለ ለሚመለከተው ኃላፊ ሳይነገር መክፈት ትክክል አይደለም። የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ብቻ በሚሠሩበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፕሮክሞን64 የሚለውን ፋይል በቀጥታ መክፈት ይሻላል። ፕሮክሞን የሚለው ሌላኛው ፋይል ባለ 64 ቢቱን ቅጂ ወደ ጊዜያዊ ፎልደር አውጥቶ ስለሚያስነሳ ይታገድበታል፤ ሰውም መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል።

አንድ አጠቃቀም ግን እነዚህን ድክመቶች ሁሉ ይክሳል፤ ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ስላላየሁ ነው የማነሳው። ያው ስሪት በትክክል የሚሠራበት ሌላ ኮምፒውተር ካለ፣ በሁለቱም ላይ አነሳሱን መዝግቦ ማወዳደር። ሁለቱን በሰንጠረዥ ፋይል አስቀምጦ የሰዓቱንና የሂደት ቁጥሩን ዓምድ ካወጡ በኋላ የሚቀረው የሥራው ዓይነት፣ መንገዱና መልሱ ነው። ጤነኛው «ተሳክቷል» የተባለበት፣ በሽተኛው ግን ሌላ መልስ ያገኘበት መስመር አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚኖረው። ያኔ የትኛው «የለም» ተራ እንደሆነ፣ የትኛው ገዳይ እንደሆነ መገመት ይቀራል። ስለዚህም አዲስ ሥርዓት ተተክሎ ርክክብ ሲደረግ፣ ሁሉም ነገር በሚሠራበት በዚያ ቀን፣ የጤነኛ አነሳስ መዝገብ ተወስዶ ከፕሮጀክቱ ቅጂ ጋር ቢቀመጥ እመክራለሁ። ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣው የጥገና ሰው ግን ሌላ ማንም ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ይሰጠዋል።

መዝገቡን ለሶፍትዌሩ አምራች የድጋፍ ክፍል ለመላክ «ኦል ኢቨንትስ» የሚለውን መርጦ በፒኤምኤል ዓይነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በማጣሪያ የቀረውን ብቻ ከላኩ የሂደቶቹ ዛፍና የክስተቶቹ ትስስር ይጎድላል፤ ተቀባዩም ሙሉውን መልሶ ይጠይቃል። ከመላኩ በፊት ግን በውስጡ ያለውን ማወቅ ተገቢ ነው፦ የተጠቃሚዎች ስም፣ የኮምፒውተሮች ስም፣ የኔትወርክ አድራሻዎች፣ ፕሮግራሞቹ የተነሱበት ሙሉ ትእዛዝ። አንዳንድ የስካዳ አስነሺ የዳታቤዙን የይለፍ ቃል በትእዛዙ ውስጥ በግልጽ ጽፎ ያስተላልፋል፤ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉ ይቀየር፣ ከዚያ ፋይሉ ይላክ። በደብዳቤውም ላይ የስህተቱ መስኮት የወጣበት ሰዓት ከነሰከንዱ፣ የሞተው ሂደት ስምና መለያ ቁጥሩ፣ የመውጫው ቁጥርም ይጻፍ። እነዚህ ተጽፈው የሄደ ጥያቄ በአንደኛው ረድፍ የድጋፍ ሠራተኛ «እንደ አዲስ ጫኑት» ተብሎ በቀላሉ አይመለስም።